ወስፋት ለሌለባት ልጄ የወስፋት ኪኒን ስለመጠየቅ

ኅዳር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.
አራዳ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ጓድ ገዛኸኝ
የቀበሌያችን የጤና ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ባለቤትዎስ እንደምን ናቸው? ልጆችስ? እኔ የእርስዎን ጤና የምመኘው እንደ ሌላው ነዋሪ በስብሰባ ላይ በጭብጨባ ብቻ አይደለም፤ ከልቤ ነው። እርስዎ የታመሙ ዕለት የኮሚቴውን ማኅተም የሚይዝ ሰው ስለማይኖር፣ እኛ መታመማችንን የሚያጸድቅልን አናገኝም። ስለዚህ ራስዎን አይመምዎ፣ ወገብዎን አይያዝዎ፣ በተለይ በተለይ ደግሞ ሆድዎን ደህና ያድርግልዎ።

ደብዳቤውን በእጅዎ ያላስረከብኩት ንቄዎት አይደለም። ከመስከረም ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ፣ አሥራ አንድ ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመልሻለሁ። በኅብረት ሱቁ ግድግዳ ላይ መለጠፌም እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ስኳር ለመውሰድ የተሰለፈ ሕዝብ የሚያነበው ነገር ቢያገኝ ሰልፉ ያጥርለታል ብዬ ነው።

ድንገት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ስሜ ፍቅሬ ካሳዬ ይባላል። ከጊዮርጊስ ወደ ታች ሲወርዱ በስተግራ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሰዓት እጠግናለሁ፤ የእርስዎንም ሰዓት ሁለት ጊዜ ጠግኛለሁ። ባለቤቴ የሺዓለም አስተማሪ ናት። አንዲት ልጅ አለችን፤ አዲስአለም ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከኋላዋ ሆኖ ለሚያያት ግን የስድስት ዓመት ልጅ ትመስላለች። የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሷ ናት። በተራ ቁጥር የቀረበ አቤቱታ ቶሎ ውሳኔ ያገኛል ሲባል ስለሰማሁ፣ እኔም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ልጄን የያዛት የኩላሊት ሕመም ነው። ደሟ ውስጥ መቅረት የነበረበትን ንጥረ ነገር ኩላሊቷ በሽንቷ ያፈስሰዋል። ሕመሙ ሲነሣባት ጠዋት ዓይኗ አብጦ አይገለጥም፤ ከዚያ እግሯ ያብጣል፣ ከዚያ ሆዷ። በሐኪም ቤት እንዳስተማሩኝ በየጠዋቱ ሽንቷን በብልቃጥ አድርጌ ቡታጋዝ ላይ አፈላዋለሁ። ጥርት ብሎ ከፈላ ተመስገን ብዬ ሱቄን እከፍታለሁ፤ እንደ እንቁላል ነጭ ከረጋ ግን ሱቁ ተዘግቶ ይውላል፣ እኔም ሐኪም ቤት እውላለሁ። የሚሰጣት መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ይባላል። እብጠቱን ያወርድላታል፤ በምትኩ ጉንጯን ያድቦለቡለዋል፣ ቁመቷንም ይይዘዋል። በቀነሱላት ቁጥር ደግሞ ሕመሙ ይመለሳል። ሦስት ዓመት እንዲህ ስንል ኖርን።

አምና በጥር ወር ሐኪሟ ዶክተር ካላዩ አስጠሩኝ። ከውጭ አገር በመጣ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ነገር አንብበው ነበር። ሌቫሚሶል የሚባለው፣ ለወስፋት ሲታደል የኖረው አሮጌ ኪኒን፣ ትል ከመግደሉ ሌላ የሰውነትን መከላከያ ኃይልም ስለሚነካ፣ አንድ ቀን እየተዘለለ ሲሰጥ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን አንዳንድ ሕፃናት ሕመሙ እንዳይመለስባቸው ረድቷል ይላል። ዶክተሩ ሰው የማያታልሉ ሰው ናቸው። «አቶ ፍቅሬ፣ ቃል አልገባልዎትም። አንዳንዱን ረድቷል፣ አንዳንዱን አልረዳም። ነጭ የደም ሴሏን በየወሩ እንቆጥራለን፤ ከቀነሰ ያኔውኑ እናቆማለን» አሉኝ። እኔ ነገሩ አልገረመኝም። የጣልያን ግድግዳ ሰዓት ጥርስ ነቅዬ የሌላ አገር የጠረጴዛ ሰዓት ውስጥ ከትቼ ሰዓቱ ሲሄድ ያየሁ ሰው ነኝ።

የጤና ጣቢያችን መድኃኒት አዳይ አቶ ሐጎስ ማዘዣውን አይተው፣ «ለኩላሊት? ይሄ እኮ የወስፋት ነው!» ብለው ሳቁ። ሆኖም የሐኪም ፊርማ ነውና ሰጡን። ከጥር እስከ ሐምሌ ብልቃጡ ጥርት ብሎ ፈላ። ፕሬድኒሶሎኑ መጀመሪያ በግማሽ፣ ኋላም በግማሹ ግማሽ ተቀነሰላት። የቁመቷን ልክ የምንጭርበት የበር መቃን አለን፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ላይ ስንጭር ኖረን፣ ሰኔ ላይ ሁለት ጣት ከፍ አለ። የሺዓለም ጭረቱን እየዳሰሰች አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚለውን እዚህ ላይ ይተዉልኝ።

2ኛ. ለዚህ ሁሉ መንግሥትንም እርስዎንም ላመሰግን በተነሣሁበት ሰሞን ነው ዘመቻውን ያወጁልን። በአሥራ ሦስተኛው የአብዮት በዓል ቀበሌያችን ከወስፋት ነጻ ሆኖ እንዲገኝ፣ እያንዳንዱ ቤት የቤተሰቡን ሰገራ፣ ከይቅርታ ጋር፣ በክብሪት ቀፎ አድርጎ የቤት ቁጥሩን ጽፎበት እንዲያስረክብ፣ ወስፋት የተገኘበትም ሰው ስሙ እሑድ በስብሰባ ላይ እንዲነበብ ታዘዘ። የመጀመሪያው ሐሳብ መልካም ነበር። የታመመ ተመርምሮ፣ ኪኒኑን ውጦ ቢድን የሚጠላ የለም። ግን ክቡርነትዎ አራዳ ተወልደው አድገው፣ የአራዳን ሰው እንዴት ዘነጉት? ካፖርቱ ቢነትብ ገልብጦ አሰፍቶ የሚለብስ፣ ጫማውን ሳያስጠርግ ፒያሳን የማይረግጥ ሰው፣ በአደባባይ ወስፋታም ከሚባል ወስፋቱን ታቅፎ ቢሞት ይመርጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያም ሆኖ ደበቅን።

3ኛ. ከዚህ በታች ያለውን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ በሙሉ ጤንነቴ እሰጣለሁ።

አዲስአለም በሐኪም ቤት ስትመላለስ ሰገራዋ ተደጋግሞ ተመርምሮ አንድም ጊዜ ምንም አልተገኘበትም፤ ይህም በግቢያችን የታወቀ ነው። ትእዛዙ በወጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ወይዘሮ ምብራት ባዶ የክብሪት ቀፎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። «ልጄ ፍቅሬ፣ በስተርጅና ስሜ እንዲህ ባለ ነገር ተነቦ በምን ዓይኔ ነው ቤተ ክርስቲያን የምሄደው? ከልጅቱ ትንሽ ቆንጥርልኝ» አሉኝ። ጎረቤት ጨው ሲዋዋስ ይኖር የለ? ሰጠኋቸው።

በማግሥቱ ሁለት ሰዎች መጡ። ከዚያ ግቢው ሁሉ መጣ፤ ከዚያ ማዶ ያለው ግቢ። ልጄ በዚያ ሳምንት የተከበረችውን ያህል በልደቷም ቀን አልተከበረችም። ፓፓያ ይመጣላታል፣ ሙዝ ይመጣላታል፤ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደረች?» የሚለን ሰው በዛ። እኔ አባቷ ስንጥር ይዤ በር ላይ ተቀምጬ አካፋይ ሆንኩ። ሃያ ሦስት የክብሪት ቀፎ ከአንዲት ልጅ ሞላ። የጽድቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር እኮ! ሌሎቹ ግቢዎችም የየራሳቸው ንጹሕ ልጅ እንደነበራቸው የሰማሁት ኋላ ነው።

ውጤቱ መጣ። በመላው ቀበሌ አንድም ወስፋት አልተገኘም። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ፣ ከዚህ ሁሉ የውኃ ቦይና የጋራ ሽንት ቤት መካከል፣ አንድም! ኮሚቴዎ ይህን ሲያይ አንድ አባል እንኳ ቅንድቡን ከፍ አላደረገም፤ ስለ እምነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከወስፋት ነጻ በመሆናችን የተሸለምነው ዋንጫ ከቴዎድሮስ አደባባይ ጀምሮ በሙዚቃ ታጅቦ ሲመጣ እኔም ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አጨበጨብኩ። ዛሬ ቁጭ ብዬ የሰቀልኩትን ቆሜ ማውረድ አቅቶኝ ይኸው እጽፍልዎታለሁ።

4ኛ. በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ኪኒኗን ልወስድ ጤና ጣቢያ ስሄድ አቶ ሐጎስ ዓይኔን ማየት ፈሩ። የመድኃኒቱ ቁም ሳጥን በሰም ታሽጓል፤ ዋንጫው እላዩ ላይ ተቀምጧል። ወስፋት በሌለበት ቀበሌ የወስፋት መድኃኒት ሲታደል ቢታይ ዋንጫችንን ያስነጥቀናል ተብሎ በእርስዎ ፊርማ መታሸጉን ነገሩኝ። በሩ መስታወት ነውና ኪኒኖቹ ከነብልቃጣቸው ይታያሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው ከእኔ ይሻላል፤ እኔ ወተቷን እያየሁ ነው የምመለሰው። ደግሞም ያ ሁሉ ሕዝብ በእሷ ነጻ ወጥቶ ኪኒኑ የተከለከለችው እሷው ናት። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ወደ ጎረቤት ቀበሌ ሄድኩ፤ «በየቀበሌያችሁ» አሉኝ። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች በእግሬ አዳረስኩ፤ የለም። ዶክተር ካላዩ ሁለት ደብዳቤ ጻፉልዎ። የኮሚቴዎ ጸሐፊ ለሁለተኛው የሰጡትን መልስ ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦ «ልጅቷ ወስፋት ያለባት ስለመሆኑ ተመርምራ ማስረጃ ስታቀርብ ጉዳዩ የሚታይ ይሆናል።»

ይህን መልስ በተቀበልኩ በማግሥቱ ያደረግሁትን ለየሺዓለም እንኳ አልነገርኳትም፤ ከእርስዎ ጋር እሷም እዚህ ግድግዳ ላይ ታንብበው። ከገበያ የገዛሁትን ሰላጣ ሳላጥበው፣ አፈሩ እንዳለበት፣ በሳህን አድርጌ ልጄ ፊት አቀረብኩት። ወስፋት እንዲይዛት ነው። ሹካዋን አነሣች። «አባዬ፣ ይሄ አልታጠበም እኮ» አለችኝና በትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና የተማረችውን አስረዳችኝ። ሳህኑን ነጥቄ ደጅ ደፋሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ በራሴ አፍራለሁ። ደግሞ ኋላ አቶ ሐጎስን ስጠይቃቸው፣ ወስፋት ቢገኝባትም የሚጻፍበት ቅጽ እንደሌለ፣ ቅጾቹ ሁሉ «የለም» በሚል ማኅተም ተመትተው እንዳለቁ ነገሩኝ። ስለ ጥንቃቄዎ በድጋሚ አመሰግናለሁ።

5ኛ. ከጥቅምት ሃያ ጀምሮ ብልቃጡ እየረጋ ነው።

6ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አልቻልኩም። ይህን ስጽፍ አራት ጊዜ ተነሥቼ አይቻታለሁ። ስትተኛም ስትቀመጥም አያታለሁ። ደንበኛ ሰዓቱን ይዞ ሲመጣ «ነገ ና» እለዋለሁ፤ ነገም ይመጣል፣ እኔ ሱቁ ውስጥ አልገኝም፤ ወይ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነኝ፣ ወይ የእርስዎ በር ላይ። ፕሬድኒሶሎኑ ወደ ሙሉ መጠኑ ተመልሷል፤ ቢሆንም እብጠቱ እንደ በፊቱ ቶሎ አልወረደም። ጫማዋ አልገባ ብሏት በእናቷ ነጠላ ጫማ ነው የምትሄደው። ዶክተር ካላዩ ባለፈው ማክሰኞ ሆዷን ዳስሰው፣ «እንዲህ ባለችበት ሰዓት ሌላ ሕመም ቢደርብባት ያሰጋኛል፤ ኪኒኑን ከየትም ብለው ያግኙልኝ» አሉኝ። የትም ማለት መስታወቱ ውስጥ ማለት ነው። እፈራለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። በቀልድ የጀመርኩትን በቀልድ መጨረስ ያቃተኝ ስለምፈራ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው፤ ከሦስቱ የሚቀልልዎትን ይምረጡ። ቀበሌያችን ከወስፋት ነጻ የመሆኑ ነገር የማይነካ ከሆነ፣ በብልቃጦቹ ላይ «የኩላሊት» የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸውና ቁም ሳጥኑ ይከፈት፤ ወረቀቱን እኔ አቀርባለሁ፣ ሙጫውንም እኔ። ይህ ካልተቻለ ማኅተሙ ሳይነካ የቁም ሳጥኑ የጀርባ ሳንቃ ይነቀልልኝ፤ መፍቻ አለኝ፣ እንደነበረ አድርጌ እመልሰዋለሁ፣ ዋንጫውም አይነቃነቅም። ይህም ካልሆነ ስሜ በመጪው እሑድ ይነበብ። ፍቅሬ ካሳዬ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ወስፋታም ተብሎ ይነበብ። መሀል አዳራሽ ቆሜ እሰማለሁ፤ ካስፈለገም አጨበጭባለሁ። በስሜ የሚሰጠውን ኪኒን ልጄ ትውጠዋለች።

የጎረቤቶቼን ስም አልጽፍም፤ በእምነት የመጡ ሰዎች ናቸው። ከላይ ያነበቡት የወይዘሮ ምብራት ስም ግን በራሳቸው ፈቃድ የገባ ነው። ይህን ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው፣ «የኔንም ስም ጻፈው። እኔ ከልጅቱ በልጬ ነው? ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ወስፋቱም ሲነክሰኝ ነው የከረመው» አሉኝ። እሑድ እሳቸውም ከጎኔ ይቆማሉ። ሌላም ሰው ሊቆም ይችል ይሆናል፤ እሱን እኔ አላውቅም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለኮሚቴው አባላት በሙሉ፣ ለጸሐፊውም ጭምር፣ ሙሉ ጤና፣ የተስተካከለ የምግብ መፈጨትና የማያልቅ ትዕግሥት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዋንጫው ባለቤት ከሆነው ሕዝብ አንዱ፣
ፍቅሬ ካሳዬ
ሰዓት ጠጋኝ፣ አራዳ

ግልባጭ፦
ለዶክተር ካላዩ፣ ከምስጋና ጋር
ለአቶ ሐጎስ፣ ከይቅርታ ጋር
ለስኳር ሰልፈኞች በሙሉ

ማስታወሻ፦ ከላይ የክብሪት ቀፎዎቹ ሃያ ሦስት ናቸው ያልኩት በትሕትና ነው። ሃያ አራት ነበሩ። ሃያ አራተኛው ላይ ባማረ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈው የቤት ቁጥር የእርስዎ ቤት ነው። ባለቤትዎ ነሐሴ ላይ በዚያ ዝናብ ጃንጥላ ይዘው መጥተው፣ «እሱ አያውቅም፣ እኔ ነኝ የፈራሁት» ብለውኝ ነበር። አደራዎን አይቆጧቸው፤ ከእኛ የተለየ ነገር አላደረጉም፤ በማግሥቱም ለልጄ ብርቱካን ልከውላታል። ይህን ደብዳቤ ለአዲስአለም ሳነብላት እዚህ ላይ አስቁማኝ፣ «እንግዲያው ዋንጫው የኔ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አስባ አስባ፣ «ለእሳቸው ትቼላቸዋለሁ» ብላለች። ከሥሩ ያለውን ቁም ሳጥን ብቻ ይክፈቱልን።